ለአራት በአምስት ክፍል የሚሆን ሄሊኮፕተር

መርካቶ፣ ዱባይ ተራ፣ ቅዳሜ ረፋድ። በማለዳ ሚኒባስ ከአምቦ የመጣ አንድ አባት የአሻንጉሊት ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ባለሱቁ ሦስት ካርቶን አውርዶ መስታወቱ ላይ ደርድሮለታል። በሦስቱም ላይ ደመና ሰንጥቆ የሚወጣ ሄሊኮፕተር ተስሏል።

«ጋሼ፣ ይሄኛውን ይውሰዱ። ካሜራ አለው፤ መቶ ሜትር ይሄዳል።»

«መቶ ሜትር የሚሄድ አልፈልግም። ቤት ውስጥ የሚበር ነው የምፈልገው» አለ አባት።

ባለሱቁ ሳቀ። ደንበኞቹ ሁሉ የሚጠይቁት ሩቅ የሚሄደውንና ከፍ የሚለውን ነው። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መጥቶ ቅርብ የሚበረውን የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመውም መሰለኝ ዓይነት አስተያየት አየውና ሌላ ካርቶን ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባ።

አባት ቃል ገብቶ ነው የመጣው። ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጁ ከክፍሉ ከአንድ እስከ ሦስት ከወጣ ሄሊኮፕተር ሊገዛለት ተስማምተው ነበር። ልጁ ሁለተኛ ወጣ። ካርድ በተሰጠበት ቀን ማታ ግን አባት ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ እንቅልፍ አጣ። ያሳሰበው ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። «የት ነው የሚያበረው?» የሚለው ጥያቄ ነው የከነከነው።

የአምቦ ሜዳ ሰፊ ነው፤ ሰማዩም እንዲሁ። ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በምዕራብ ሸዋ ከላይ የሚመጣ ድምፅ ሌላ ትርጉም ይዟል። በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ምዕራብ ሸዋን ጨምሮ በኦሮሚያ ምዕራባዊ ክፍል የድሮን ጥቃቶች መድረሳቸውንና ሰላማዊ ሰዎች መሞታቸውን፣ ነዋሪዎችን ጠቅሰው ዓለም አቀፍ መገናኛ ብዙኃን ዘግበዋል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ መንግሥትና ራሱን የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ብሎ የሚጠራው፣ መንግሥት ሸኔ የሚለው ታጣቂ ቡድን ታንዛኒያ ላይ ተገናኙ፤ ያለ ስምምነት ተለያዩ። በኅዳር 2016 ዓ.ም. እንደገና ዳሬሰላም ተቀመጡ፤ እንደገና ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በእንዲህ ያለ አገር ሜዳ ላይ ወጥቶ የሚጮህ ነገር ወደ ሰማይ የሚለቅ ልጅ፣ ጎረቤት ያስደነግጣል። ጠባቂም ያስቆጣል። አባት ይህን ለልጁ መንገር አልፈለገም። ስለዚህ የቤት ውስጥ ሄሊኮፕተር።

ሕጉም አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ በተለምዶ ኢንሳ የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ ሳያውቀው ይዘው የሚመጡ መንገደኞች ቦሌ ላይ ጉምሩክ ይይዝባቸዋል። የልጅ መጫወቻ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው ይባል ይሆናል። ካሜራ ሲገጠምበት ግን በመጫወቻና በድሮን መካከል ያለው መስመር ይደበዝዛል። ለአንድ ፖሊስ መስመሩን ማስረዳት ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሥራ አይደለም። ካሜራ ያለው ካርቶን የተመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

አባት ስለ ሄሊኮፕተር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የሚያውቅ ጎረቤት ግን ነበረው፤ በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሃጫሉ ሁንዴሳ ካምፓስ ኢንጂነሪንግ የሚማር ወጣት። ወጣቱ አንድ ቅዳጅ ወረቀት ላይ የሚፈለገውን ጽፎ ሰጥቶታል። ወረቀቱ አሁን የአባት ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው መስመር «በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት ክንፍ» ይላል።

ግድግዳ በድሪል የበሳ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። መብሻው ግድግዳው ውስጥ ሲይዝ ድሪሉ ራሱ በተቃራኒው ዞሮ እጅ ይጠመዝዛል። ሄሊኮፕተርም እንደዚያ ነው። አናቱ ላይ ያለው ክንፍ ወደ አንድ ጎን ሲሽከረከር አካሉ ወደ ሌላው ጎን መዞር ይፈልጋል። ትልልቆቹ ሄሊኮፕተሮች ብዙውን ጊዜ ይህን የሚገቱት ጅራታቸው ላይ በቆመች ትንሽ ክንፍ ነው። ለጀማሪ የሚሆነው መጫወቻ ግን ሌላ መላ አለው፤ በአንድ ዘንግ ላይ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት ክንፎች። አንዱ የሚያመጣውን መጠምዘዝ ሌላው ያጠፋዋል። ለመዞር ሲፈለግ የአንዱ ፍጥነት ከሌላው ትንሽ ከፍ ይላል፤ አካሉ ይዞራል። ከላይኛው ክንፍ ጋር የተያያዘ፣ ጫፎቹ ላይ ክብደት ያለው ቀጭን ዘንግ ደግሞ ሚዛኑን ይጠብቃል። እንዲህ የተሠራ ሄሊኮፕተር እጅ ከመሪው ሲነሳ ተገልብጦ አይወድቅም፤ ባለበት ይንሳፈፋል። ባለ አንድ ክንፉ ፈጣንና ቀልጣፋ ነው፤ ነፋስም የተሻለ ይቋቋማል። ለአራት በአምስት ክፍልና ለጀማሪ ልጅ ግን ፈጣን መሆኑ ራሱ ጉዳት ነው።

ሁለተኛው መስመር «ሦስት ቻናል፣ ጋይሮ ያለው» ይላል። ቻናል ማለት በሪሞቱ ማዘዝ የሚቻለው የእንቅስቃሴ ብዛት ነው። ሁለት ቻናል ያለው ይወጣል ይወርዳል፣ ይዞራል፤ ወደ ፊት መሄዱን ግን ራሱ ነው የሚወስነው፤ ሁልጊዜም ወደ ግድግዳ ነው። ሦስተኛው ቻናል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማዘዝ ያስችላል። አራተኛው ወደ ጎን መንሸራተትን ይጨምራል፤ እሱ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ። ጋይሮ ደግሞ አካሉ ሳይታዘዝ መዞር ሲጀምር አውቆ የሚያርም ትንሽ መሣሪያ ነው። ጋይሮ የሌለው መጫወቻ እንደ እንዝርት ይሾራል፤ ልጅም በሁለተኛው ቀን ይተወዋል።

ሦስተኛው መስመር ስለ ሪሞቱ ነው። ርካሾቹ በኢንፍራሬድ ይሠራሉ፤ የቴሌቪዥን ሪሞት በሚሠራበት በማይታየው ብርሃን። ሪሞቱ ሄሊኮፕተሩን «ማየት» አለበት፤ ቁም ሳጥን ጀርባ ከገባ ትእዛዙ ይቋረጣል። ከአሥር ሜትር ብዙም አያልፍም። የፀሐይ ብርሃንም ስለሚያደናግረው ቀን ላይ ደጅ አይሆንም። በሬዲዮ የሚሠሩት ከዚህ ነጻ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል። ወጣቱ «ለቤት ኢንፍራሬድ ይበቃል» ብሎ ጽፎ ከሥሩ አስምሮበታል።

አራተኛው መጠንና ክብደት ነው። ርዝመቱ ከ20 ሳንቲሜትር ብዙ የማይበልጥ፣ ክብደቱ 40 ግራም ገደማ። እንዲህ ያለው ፊት ላይ ቢያርፍ ያስደነግጣል እንጂ አያቆስልም፤ ዓይን ግን ዓይን ነውና ከልጁ ራስ በላይ እንዳይበር። አምስተኛውና የመጨረሻው መስመር «መለዋወጫ ክንፍ ከሌለው አትግዛ» ይላል። ክንፍ ይሰበራል። አምቦ ላይ የሚተካው አይገኝም።

ባለሱቁ ከጓዳ ይዞት የወጣው አቧራ የለበሰ ካርቶን ሳይማ ኤስ 107 የሚል ጽሑፍ ነበረው። ይህ ሞዴል በዓለም ላይ ብዙ ጀማሪዎች መብረር የተማሩበት ነው፤ በዚያው ልክ አስመስለው የሚሠሩትም ብዙ ናቸው። ይኼኛው ኦሪጅናሉ ይሁን ኮፒው በካርቶኑ አይለይም። አባት ወረቀቱን አውጥቶ ነጥብ በነጥብ አመሳከረ። ሁለት ክንፍ፣ አለ። ሦስት ቻናል፣ አለ። ጋይሮ፣ ተጽፏል። ኢንፍራሬድ። ካሜራ የለውም። የብረት አካል። መለዋወጫ ክንፍ በላስቲክ ተጠቅልሎ ውስጡ አለ።

«ይነሳ እስቲ ልየው» አለ።

ባለሱቁ አስነሳው። ሄሊኮፕተሩ ከመስታወቱ ላይ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ቆመ። አልሾረም። አባት ከፈለ።

ሚኒባሱ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን አልፎ አምቦ ሲደርስ መሽቶ ነበር። ሄሊኮፕተሩ የሚሞላው በዩኤስቢ ገመድ ነው፤ መብራት ግን ጠፍቷል። ልጁ ከካርቶኑ ጋር እንዳይተኛ ተብሎ ከጎረቤቱ ተማሪ ፓወር ባንክ ተለመነ። የዚህ ዓይነት መጫወቻ ባትሪ ከስልክ ባትሪ ጋር ሲተያይ ሚጢጢ ነው፤ ለመሙላት ወደ 40 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ለመብረር የሚበቃው ደግሞ ለሰባት ስምንት ደቂቃ ነው። ሊቲየም ስለሆነ ተሰክቶ አይታደርበትም፤ እንደወረደም ወዲያው አይሞላም፤ ሙቀቱ እስኪበርድ ይጠበቃል።

አምቦ ላይ ደግሞ ደቂቃዎቹ ትንሽ ያጥራሉ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ክንፍ የሚያነሳው አየር ገፍቶ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ በፍጥነት መሽከርከር አለበት፤ አሥር በመቶ ያህል። ያ ደግሞ ከባትሪው ነው የሚወጣው። ደገኛ ሄሊኮፕተር የበለጠ ይደክማል።

የመጀመሪያው በረራ እሁድ ከሰዓት ነበር። ረከቦቱ ወደ ጥግ ተገፋ። ሲኒዎቹ ተነሱ። መጋረጃው ተጠቀለለ፤ ጨርቅ የክንፍ ጠላት ነውና። ተማሪው መመሪያ ሰጠ። ወለሉ አጠገብ አትቆይ፤ ክንፉ የሚገፋው አየር ወለሉን መትቶ እየተመለሰ ያወዛውዘዋል። ኮርኒሱ አጠገብም አትሂድ፤ ወደ ላይ ይስበውና ይለጠፋል። ደረትህ ላይ አቁመው። የመጀመሪያውን ባትሪ ማንሳትና ማሳረፍ ብቻ ተለማመድበት። ሊጋጭ ሲል ኃይሉን ቁረጥ፤ ከወደቀው ይልቅ እየዞረ የተጋጨው ነው የሚሰበረው።

ልጁ የግራውን ማንሻ ገፋ። ክንፎቹ ጮኹ።

ያንን ድምፅ የሰማ ያውቀዋል፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባ እንጉርጉሮ ነው። ሄሊኮፕተሩ ሠላሳ ሳንቲሜትር እንደተነሳ የልጁ አያት ከመኝታ ክፍል ወጡ። ነጠላቸውን እንኳን አልደረቡም። ማንንም አላዩም፤ የልጁን ክንድ ይዘው ወደ ውጭው በር ጎተቱት። ሪሞቱ ወደቀ። ሄሊኮፕተሩ ግድግዳ መትቶ ወለሉ ላይ አረፈ።

አያቱ ወደ አምቦ የመጡት ከገጠር ነው። ከዓመታት በፊት፣ ለጥቂት ሳምንት ተብሎ፣ አንድ ጋቢና አንድ ቦርሳ ይዘው። የመጡበትን ምክንያት ቤቱ ውስጥ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም። አባት ስለ ጎረቤት ጆሮ አስቦ ነበር፤ ስለ ጠባቂም፣ ስለ ጉምሩክም፣ ስለ ኮርኒሱም አስቦ ነበር። ስለ እናቱ ጆሮ ግን አላሰበም። በወረቀቱ ላይ ስድስተኛ መስመር አልነበረም።

«እማዬ፣ መጫወቻ ነው» አላቸው።

ወለሉ ላይ የተጋደመውን ነገር አዩት። «አውቃለሁ» አሉ። ግን እጃቸው የልጁን ክንድ ገና አልለቀቀም ነበር።

ሄሊኮፕተሩ ዐሥር ቀን ቁም ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ልጁ አልጠየቀም፤ ይህ ነው አባትን የበለጠ የከበደው። ብዙ ቤት ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። የአዋቂዎች ጦርነት ልጆችን የሚነካው በጥይት ብቻ አይደለም፤ ሳይነገራቸው አንዳንድ ነገር መጠየቅ እንዲያቆሙ በማድረግም ነው። ለልጅ ሄሊኮፕተር የመግዛት ዓላማው ደግሞ በትክክል ተቃራኒው ነው፤ ለምን ይነሳል፣ ለምን አይወድቅም፣ ለምን ይዞራል ብሎ እንዲጠይቅ።

መንገዱን የከፈተው ልጁ ነው። አንድ ከሰዓት ሄሊኮፕተሩን አውርዶ፣ ሳያስነሳ፣ አያቱ ጭን ላይ አስቀመጠው። የላይኛውን ክንፍ በጣቱ አዞረ። «አኮ፣ ይሄኛው በዚህ ይዞራል። ይሄኛው በዚያ። ሁለቱ ስለሚቃወሙ ነው ቀጥ ብሎ የሚቆመው።» አያቱ በጣታቸው ነኩት። ክንፉ እንደ እንጨት ቅርፊት ቀላል ነው። ከዚያ ሕግ ወጣ፤ ያወጡት እሳቸው ናቸው። ከመነሳቱ በፊት ለአኮ ይነገራል። ከመሸ አይበርም። በር ተከፍቶ ነው የሚበረው፤ መውጫው እንዲታያቸው።

በሚቀጥለው እሁድ ቡና ተፈልቶ ዕጣን እየጨሰ ሳለ ልጁ «አኮ፣ ላስነሳው ነው» አለ። እሳቸውም ነጠላቸውን አጥብቀው ያዙና «አስነሳው» አሉ። ሄሊኮፕተሩ ደረት ላይ ሲቆም የዕጣኑ ጭስ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ ወደ ወለሉ ተጎተተ፤ ምንጣፉን መትቶ በየአቅጣጫው ተበተነ። ተማሪው ሊያስረዳው የሞከረው የማይታየው አየር ታየ። ልጁ ጮኸ፤ «ታየ! ታየ!» አያቱ አልሳቁም። ግን አልተነሱም። የባትሪው ደቂቃ እስኪያልቅ ድረስ ተቀምጠው አዩ።

ቤት ውስጥ መብረር የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሚያዝያ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. ከምድር ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ በሌላ ፕላኔት ላይ የበረረው ሄሊኮፕተር የናሳው ኢንጅኑይቲ ነው። 1.8 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የማርስ አየር ከምድር አየር አንድ በመቶ ያህል ብቻ ስለሚወፍር፣ 1.2 ሜትር የሚረዝሙት ክንፎቹ እጅግ በፍጥነት መሽከርከር ነበረባቸው። አሠራሩም ከዱባይ ተራው መጫወቻ ጋር አንድ ነው፤ በአንድ ዘንግ ላይ፣ በተቃራኒ የሚዞሩ ሁለት ክንፎች። በመጀመሪያው ቀን ያደረገውም ልጁ ያደረገውን ነው። ሦስት ሜትር ከፍ አለ፣ ቆመ፣ አረፈ፤ 39 ሰከንድ። ከዚያ በፊት የተፈተነው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ አየሩ በተመጠጠለት ዝግ ክፍል ውስጥ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ሥራውን ሲጨርስ 72 ጊዜ በሯል። ለዚያ ሄሊኮፕተር ዝግ ክፍሉ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነበር፤ ተምሮ ሲጨርስ ሰማይ ተሰጠው።

ይህን የነገረው ተማሪው ነው። ልጁ ብዙ አሰበበትና ወደ አባቱ ዞረ።

«እኔስ መቼ ነው ውጭ የማበረው?»

አባት የተዘጋጀ መልስ ነበረው፤ እውነተኛ መልስ። «ፀሐይ ሪሞቱን ታደናግረዋለች። ነፋስም ይወስደዋል። ይሄ የቤት ነው።» በልቡ ኢንፍራሬድ መግዛቱን አመሰገነ። ሌላውን ምክንያት ከመናገር አድኖታል።

ልጁ ግን ሁለተኛ የወጣው በከንቱ አይደለም።

«ታዲያ ማታስ? ማታ ፀሐይ የለም። ነፋስ የሌለበት ቀን ማታ?»

አባት እናቱን አየ። እናቱ በሩን አዩ። ተማሪው ፓወር ባንኩን ማገላበጥ ጀመረ።

ስለ ክንፉ፣ ስለ ቻናሉ፣ ስለ ባትሪው የሚመልስ ወረቀት አለ። አየሩ ለምን እንደሚሳሳ የሚያስረዳ ተማሪ ጎረቤት አለ። ለዚህ ጥያቄ ግን መልሱ ያለው እዚያ ቤት ውስጥ ካሉት ከአንዳቸውም ዘንድ አይደለም። ታንዛኒያ ላይ ሁለት ጊዜ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠው ሁለት ጊዜ የተነሱት ሰዎች ናቸው የሚመልሱት። አምቦ ላይ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጠይቋል፤ እየጠበቀ ነው። እስከዚያው ግን ባትሪውን ይሞላል፣ «አኮ፣ ላስነሳው ነው» ይላል፣ በሩ ይከፈታል፣ ደረቱ ላይ ያቆመዋል።